ከግራ አራተኛዋ

ሳጥኑን ከፈትኩት፣ አራት ብሎን ፈትቼ፣
የዋስትናው ወረቀት ሲቀደድ፣ አውቄ፣ ችላ ብዬ፣ ትቼ።
ከውስጡ ብዙም የለም፤ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ፣
ከጥጉም ጥፍር የምታህል ሰዓት፣ የተቀመጠች እንደ እንግዳ፣
በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ እየመታች የምትቆጥር፣
ከኔትዎርኩ የመጣውን ዜሮና አንድ የምታሳልፍ በተራ፣ በድንበር።

ሠላሳ ዓመት በመርከብ ላይ የራዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ፤
ከማዕበል ጫጫታ ውስጥ የሰው ቃል ስለቅም ኖርኩ።
ጡረታ ወጥቼ ፓርኑ፣ ባሕሩ በረዶ ሲለብስ፣
የምለቅመው አጣሁና ጆሮዬ ጀመረ መላወስ።

"ደግሞ ምን ጎደለው?" ትላለች ሂልየ፤
"ይዘፍን የለም እንዴ?"
አልነገርኳትም።

የእህቴ ልጅ ታርሞ ነው ከአሮጌ ክር የገለበጠው፣
በሃርድ ዲስክ አኑሮ ለአጎቱ ለእኔ የሰጠው፦
የዓሣ ፋብሪካው ኳየር፣ አርባ ሴት፣ አንድ አዳራሽ።
ፎቶውም አለ፤ ሦስተኛው ረድፍ፣
ከግራ አራተኛዋ፣ ባለ ሰማያዊ ሻሽ።
ሠላሳ ዘጠኙን ትቼ የእሷን ብቻ ልሰማ፣
እንጂማ ምን ሊረባኝ ይኼ የሰሌዳ ከተማ?

እንደ ንብ የሚያጉረመርመውን ርካሽ ኃይል አቅራቢ
አውጥቼ ጣልኩት፤
ሁለት ኪሎ የመዳብ ጥቅል ትራንስፎርመር አስቀመጥኩ በፋንታው፤
እንደ ሰካራም የሚንገዳገደው ባስ ያን ጊዜ አገኘ እርጋታው።
ካፓሲተሮቹን ለወጥኩ፤ አንዱን አቃጠልኩ በጥድፊያ፣
ጣቴንም አብሬ፤ ጠባሳው ይኸው፣ የመበየጃው መታወቂያ።
በመጨረሻ ሰዓቷን። ትንፋሼን ይዤ ነቀልኳት፣
የጡረታዬን ሩብ በበላች ክሪስታል ተካኋት።

ዜሮና አንድ ያው ነው ይሉኛል የማያውቁ፤
ያው ነው፤ ግን የተጠሩት ሁሉ በሰዓታቸው ካልዘለቁ፣
አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲዘገይ፣ ድግሱ ምኑን ድግስ?
ዜማው ጠርዙን ይስታል፣ ቀለሙ እንደለቀቀ ልብስ።

አበራሁት። ጆሮዬን ብሰጥ፣ የሰማሁት ፍሪጁን!
ነቀልኩት። ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት። ከዚያም ዘጋሁ ደጁን።
አዳራሹ መጣ ያን ጊዜ፦ የወንበር ሲጢጥታ፣
ገጽ ሲገለጥ፣ አንዲት ሳል፣
የመሪዋ ቀለበት የኖታውን ማስቀመጫ ሲመታ፤
ከዚያ ሴቶቹ፣ ጭጋግ ሲገፈፍ፣ ረድፍ በረድፍ፣
ከዚያ እሷ፣ ከግራ በኩል፣ ቀጭን፣ እንደ መርፌ ጫፍ።

"ሰማሁሽ!" አልኳት እየሮጥኩ፣ "ሂልየ፣ ሰማሁሽ ዛሬ!"
ድንች ትልጥ ነበር፤ ፈገግ አለች፣ ምንም ሳትጨምር በወሬ።

ለጎረቤቱ፣ ለፖስተኛው፣ ለጥርስ ሐኪሜም ጭምር
"የሚስቴን ድምፅ ከአርባ ለየሁ" እያልኩ ስመሰክር፣
ክረምቱ አለቀ፤ ወንዙ ላይ በረዶው ጮሆ ሲሰበር፣
አንድ ማታ ካልሲ እየጠቀመች፣ ቀና ሳትል ከመርፌዋ፣
"ኡርማስ፣ ያን ቀን እኮ" አለች፣ "ያቺ ከግራ አራተኛዋ፣
ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር፤ ትንፍሽ አላለችም።
ረድፉ እንዳይጎድል ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ እንጂ አልዘመርኩም።"

ያን ሁሉ መዳብ። ያን ሁሉ ገንዘብ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"
"ደስ ብሎህ ነበራ።
ደግሞስ ከተጋባን ወዲህ ጆሮህን እንዲህ የሰጠኸኝን ቀን
እስቲ ቁጠራ!"

ሌሊት ብቻዬን ደግሜ ከፈትኩት።
በሦስተኛዋና በአምስተኛዋ መካከል አንዲት ጠባብ ጸጥታ
አለች፤ ወይም ያለች መሰለኝ፤ ከእንግዲህ በጆሮዬ አልምልም።
ግን ጠርታለች። ጉርምርምታ የላት፣ መንቀጥቀጥ የላት፣
የትም ብፈልግ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

"ፍሪጁን ሰካኸው?" ከመኝታ ቤት፤ "ዓሣው እንዳይበላሽ!"

ሰካሁት። ጀመረ እንደ ልማዱ ማንጎራጎሩን፤
በጨለማው ከዚያ በኩል ሌላ ድምፅ የተከተለው መሰለኝ፣ በቅኝቱ፣ ዝቅ ብሎ።
ቆሜ ሰማሁ።
አልጠየቅኳትም።